የአይሲቲ ክበብ፦ «ማን ያውቃል?» እያልን የከረምንበት ዓመት

የአይሲቲ ክበብ ሲባል ለብዙ ሰው የሚመጣለት ኮምፒውተር ክፍል ገብቶ ታይፕ መለማመድ ነው። ዘንድሮም ታይፑን አልተውነውም። ዋናው ሥራችን ግን ሌላ ነበር። አንድ ተማሪ ቤቱ ሆኖ ያልገባው ነገር ሲገጥመው ማንን ይጠይቃል? በምን ይጠይቃል? ያገኘውን መልስስ እንዴት ያጣራል? እነዚህን ይዘን ከረምን።

መጀመሪያ ያደረግነው አባላቱን አንድ አንድ ደብተር ማስያዝ ነው። በአንድ በኩል የሚያውቋቸውን ሰዎች፣ በሌላ በኩል እነዚያ ሰዎች የሚያውቁትን ነገር ይጽፋሉ። ደብተሩን «ማን ያውቃል?» አልነው። በመጀመሪያው ቀን አብዛኞቹ ሁለት ሦስት መስመር ጽፈው ቆሙ። «እኛ ሰፈር የተማረ ሰው የለም» ያለም ነበር። ትንሽ ስንጨዋወት ግን ወረቀቱ መሙላት ጀመረ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ አክስት ወጣች። የባጃጅ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ጎረቤት ተገኘ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወንድም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ መንዝ ያሉ አያት ተጨመሩ። ማንም ሰው ሳይጠየቅና ሳይፈቅድ እንዳይጻፍ ተስማማን። ስልክ ቁጥሩም ከተማሪው ደብተር አይወጣም።

ቀጥሎ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። ሕጉ ጥቂት ነው። የሚጠይቅ ሰው እስከ የት ድረስ እንደሞከረ ያሳያል፣ የሠራውን ፎቶ አንስቶ ይልካል። ድምፅ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ምንም አይላክም፣ ልጆች መተኛት አለባቸው። ስልክ የሌላቸውን ደግሞ መተው አልፈለግንም። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የጥያቄ ሰሌዳ ሰቀልን። እዚያ የተጻፈውን አባላቱ ማታ ወደ ግሩፑ ይወስዱታል፣ መልሱን ጠዋት ሰሌዳው ላይ ይመልሱታል። ከዓመቱ ምርጥ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ሰሌዳ ነው።

አንዷን ላንሳ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «እናቴ ሸዋሮቢት ስትኖር የባቄላ ንፍሮ ቶሎ ይበስልላት ነበር ትላለች፤ እዚህ ለምን ይዘገያል?» ብላ ጻፈች። ግሩፑ በመልስ ተጥለቀለቀ። ባቄላው ከርሞ ነው፣ ከሰሉ እርጥብ ነው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ሁሉም እውነት ይመስላል። ስለዚህ ላብራቶሪ ገባን። ቢከር ውስጥ ውሃ ጣድን፣ ቴርሞሜትር ነከርን። ውሃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 90ን ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ንቅንቅ አላለም። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላልና ልጆቹ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው ፈረዱ። አንዱ ግን በረዶ አምጥተን እንፈትሸው አለ። የተፈጨ በረዶ ውስጥ ስንከተው ዜሮ ላይ ቁጭ አለ። መሣሪያው ደህና ነው ማለት ነው።

ልጅቷ ሸዋሮቢት ላለች አክስቷ ደወለች። አክስት ቴርሞሜትር ከየት ታምጣ? ጎረቤቷ ግን መምህር ናቸው። እሳቸው ከትምህርት ቤታቸው ተውሰው አመጡ። ቅዳሜ ከሰዓት ፎቶው ግሩፑ ላይ ገባ። የጠቆረች ትንሽ ድስት ከሰል ምድጃ ላይ ተጥዳለች። በጨርቅ የተያዘ ቴርሞሜትር ከእንፋሎቱ መሐል ይታያል። ንባቡ በ95 እና በ96 መካከል ነው። ያን ማታ ግሩፑ ውስጥ የነበረውን ክርክር ወላጆች ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

ነገሩ የአየር ግፊት ነው። መጽሐፉ የሚለው 100 ዲግሪ የባሕር ወለል ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃ ቀድሞ ይፈላል፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ሸዋሮቢት 1,300 አይሞላም። በመካከላቸው ያለው 1,500 ሜትር ለ5 ዲግሪ ልዩነት ይበቃል። ባቄላው እዚህ የሚዘገየው ውሃው ቶሎ እየፈላ ግን ሙቀቱ አንሶ ነው። እንፋሎት አፍኖ የሚያበስለው ድስት ለደጋ ሰው የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው። ፊዚክስ ሳስተምር ይህን ክፍል ሁልጊዜ በሰሌዳ ነበር የምጨርሰው። እንደዘንድሮው የገባቸው ተማሪዎች አላየሁም።

እዚህ ላይ ልብ ያልኩት ነገር አለ። መልሱን ያመጣው የልጅቷ የቅርብ ጓደኛ አይደለም፣ የአክስቷ ጎረቤት ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ይህንኑ ጽፏል። ሰዎች ሥራ እንዴት እንዳገኙ ሲጠይቅ ወሬው በአብዛኛው የደረሳቸው አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነበር። የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን። አዲስ ነገር ራቅ ካለው ሰው ይመጣል። ስለዚህ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ልጆቹን «የማታውቁትን ሰው የሚያውቅ ማን ታውቃላችሁ?» እያልን ደብተሩን እንዲያሰፉት አደረግን።

የመንዙ አያትም ነገር እንዲሁ ነው። የልጅ ልጃቸው ለገና እረፍት ሲሄድ ድምፃቸውን በስልኩ ቀድቶ መጣ። ስለ ጓሳ ነው፣ የመንዝ ሰው በጋራ ስለሚጠብቀው የሣር መሬት። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ሲከፈት ማን እንደሚያጭድ፣ ደንቡን የጣሰ ምን እንደሚገጥመው ያወራሉ። የጓሳ ጥበቃ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆየ ነው። የጥንቱ ሥርዓት የተቋረጠው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። እሳቸው ያኔ ጎረምሳ ነበሩ፣ የሚያወሩትም ያዩትን ነው። ከጂኦግራፊ መምህራችን ጋር ቅጂውን እየሰማን ወደ ጽሑፍ ገለበጥነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ሥራ ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቁ ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፣ ስልኩ ደግሞ በየልጁ ኪስ አለ።

ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም ኪዊክስ የሚባለውን መተግበሪያ ተጠቅመናል። ዊኪፒዲያን አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። አማርኛው ገና ወደ 15 ሺህ መጣጥፍ ብቻ ስላለው እንግሊዝኛውንም ጨምረናል። የመማሪያ መጻሕፍቱን ፒዲኤፍም በዚሁ መንገድ አዳረስን።

ሚያዝያ ላይ አንድ ችግር መጣ። «የፈተና መልስ አለን» የሚሉ ቻናሎች የ12ኛ ክፍል ልጆችን ገንዘብ መጠየቅ ጀመሩ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው በእርግጥ ሾልኮ ወጥቶ በመላ አገሪቱ ተሰርዞ ስለነበር ልጆቹ ወሬውን ማመናቸው አይገርምም። ክበቡ የቻናሎቹን የቆዩ መልእክቶች ወደ ኋላ እየሄደ አየ። ብዙዎቹ መልሱን ቀድመው የለጠፉ እንዲመስሉ ፈተናው ካለፈ በኋላ የቆየ መልእክታቸውን ያስተካክላሉ። «ኤዲትድ» (ተስተካክሏል) የሚለውን ምልክትና ሰዓቱን አስፍተን አትመን ለጠፍነው። ከዚያ በኋላ ልከፍል ነው ብሎ የመጣ ተማሪ አልሰማንም።

ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ነገር እንፈልጋለን። ስክሪኑ የተሰነጠቀም ቢሆን የሚሠራ አሮጌ ስማርት ስልክ ያላችሁ ወላጆች ለቤተ መጻሕፍቱ ብትሰጡን ለጥያቄ ሰሌዳው እናውለዋለን። ሙያ ያላችሁም፣ ሸማኔም ሁኑ ነርስ፣ ገበሬም ሁኑ መካኒክ፣ በልጆቹ ደብተር ላይ ለመግባት ፈቃዳችሁን ንገሩን። ዘወትር ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪው ክፍት ነው።