የቆቃ በር ከመከፈቱ በፊት በታች ያለው ሰው ይወቅ

ይድረስ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ ክረምቱ ሳይገባ የምጽፈው፣ ነሐሴ ላይ ቢጻፍ ለአዋሽ ዳር ነዋሪ ስለማይደርስለት ነው። ያን ጊዜ የቆቃ ሐይቅ ከሞላ፣ ግድቡን ለማዳን በሩን ከመክፈት በቀር ምርጫ የለም። በሩን የሚከፍተውን ባለሙያ አልወቅስም፤ ግድብ ከሚፈርስ ውሃ ቢለቀቅ ይሻላል። ጥያቄዬ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ስለሚወሰነው ነው።

ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ የአገሪቱ ትልቅ የመብራት ተስፋ ነበር። የማመንጨት አቅሙ ግን 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፤ እርሱ በሚለቀው ውሃ የሚሠሩት አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 ተደምረውበት እንኳ ከመቶ ብዙም አያልፍም። ዛሬ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። እንግዲህ ሐይቁ በሐምሌ አፉ ድረስ እንዲሞላ መብራት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

መስኖ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ፣ በታች ያለው የአሚባራ እርሻ፣ በጋውን የሚያልፉት ቆቃ ባጠራቀመው ውሃ ነው። በ2007 ክረምት ዝናቡ ሲቀር ምን እንደሆነ ያየ ሰው ውሃ ለመልቀቅ ቢሳሳ አይፈረድበትም። ቢሆንም በሐምሌና በነሐሴ ለጎርፍ የሚሆን ቦታ ትቶ፣ የሚቲዎሮሎጂ ትንበያን እያዩ ሐይቁን ወደ ክረምቱ መገባደጃ መሙላት ይቻላል። ለዚህ የተዘጋጀ የአሠራር ሰንጠረዥ ካለ ለሕዝብ ይውጣ። ደለሉ የሐይቁን ሆድ ስለያዘው፣ በድሮው መጠን የተሰላ ከሆነ እንደገና ይሰላ።

ሌላው ነገር፣ ከሰም፣ ሚሌና ሎጊያ ወደ አዋሽ የሚገቡት ከቆቃ በታች መሆኑ ነው። ደጋው ላይ በዘነበ ሳምንት ከላይ የተለቀቀው ውሃ ከእነርሱ ሙላት ጋር ሲገጥም፣ ዳሩን የሚጠብቀው የአፈር ክትር አይችለውም። በ2012 መጨረሻና በ2013 መጀመሪያ በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው የተፈናቀለበት ጎርፍ ይህን በሚገባ አሳይቷል።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ማስጠንቀቂያው ነው። ከቆቃ የተለቀቀ ውሃ ዱብቲና አሳይታ እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። እነዚያ ቀናት ንብረት ናቸው። ቀድሞ የሰማ ገበሬ የውሃ ሞተሩን ከወንዙ ዳር ነቅሎ ያወጣል፤ የደረሰ ሽንኩርቱን ሳይበሰብስ ይነቅላል። አርብቶ አደሩ ከብቱን ወደ ከፍታ ይነዳል፤ መዋኘት የማይችሉትን ግልገሎች ተሸክሞ ይሻገራል። ውሃው ሌሊት በድንገት የደረሰበት ሰው ግን ልጆቹን ይዞ ከመውጣት ሌላ ምንም አያተርፍም።

ማስታወቂያ አልወጣም አልልም። በአማርኛ ተጽፎ በማኅበራዊ ገጽ የተለጠፈ መግለጫ ግን ኔትወርክ በሌለበት ሜዳ ከብት የሚጠብቅ እረኛ ዘንድ አይደርስም። አፋር ዳጉ አለው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን አንድ በአንድ ይነጋገራሉ፤ ወሬው ከሰው ወደ ሰው በፍጥነት ይጓዛል። በሩ ከመከፈቱ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ ለየቀበሌውና ለጎሳ መሪዎች በስልክ ቢነገር፣ በአፋርኛና በአፋን ኦሮሞ በሬዲዮ ቢተላለፍ፣ ቀሪውን ዳጉ ያደርሰዋል። መልእክቱም «ጥንቃቄ ይደረግ» ብቻ አይሁን፤ ስንት ውሃ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚለቀቅ ይናገር።

እስከ ሰኔ መጨረሻ ሁለት ነገር እንዲደረግ እጠይቃለሁ፤ የቆቃ የውሃ ከፍታና የሚለቀቀው መጠን በየቀኑ ይፋ መሆን ይጀምር፤ በየወረዳው ማስጠንቀቂያውን ተቀብሎ የሚያደርስ ሰው ተለይቶ ለነዋሪው ይታወቅ።

ከአክብሮት ጋር
ከመካከለኛው አዋሽ ነዋሪዎች አንዱ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል