ያ የክራንቻ ክርክራችን

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሰበብ አልደረድርም። ትናንት የመጨረሻ ደብዳቤህን መልሼ ሳነብ ግን ስለ ዋልረስ፣ ረጅም ክራንቻ ስላለው ስለዚያ ግዙፍ የሰሜን ባሕር እንስሳ፣ ሳንቋጨው የቀረ ክርክር አገኘሁ። «ዋልረስ ማለት ክራንቻ ያበቀለ አቆስጣ ነው፣ በቃ!» ብለሃል። እሺ፣ አሁን መልሴን ስማ።

በዘረመል ሲታይ ዋልረስ ከአቆስጣ ይልቅ ለባሕር አንበሳ ይቀርባል። የኋላ እግሩን ወደ ፊት አዙሮ በአራቱም ይራመዳል፤ አቆስጣ ግን በሆዱ ነው የሚሳበው። ያሳሳተህ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። የጆሮ ቅጠል የለውም፣ ሲዋኝም የሚቀዝፈው በኋላ እግሩ ነው፤ በሁለቱም አቆስጣን ይመስላል። አጥንት የሚመረምሩ አንዳንድ ሊቃውንትም አንድ ሰሞን ካንተ ወገን ነበሩ፣ ስለዚህ ብዙ አትፈር።

የሚገርመው የክራንቻው ነገር ነው። ዛሬ የቀረው ዝርያ አንድ ብቻ ነው። በቅሪተ አካል የሚታወቁት የጠፉ ዘመዶቹ ግን ወደ 20 ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹም ረጅም ክራንቻ አልነበራቸውም! የጥንቶቹ፣ ከ16 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሰሜን ፓስፊክ ዳርቻ የኖሩት፣ ብታያቸው የባሕር አንበሳ ናቸው ብለህ ታልፋቸው ነበር። ከጠፉት ዘመዶቹ አንዱ፣ በ2018 ስም የወጣለት የካሊፎርኒያው ቲታኖታሪያ፣ አፅሙ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ተገኝቷል። ረጅም ክራንቻ ግን ወፍ የለም። ጎምፎታሪያ የሚባለው ሌላው የጠፋ ዘመዱ ደግሞ ከላይም ከታችም ነበረው፣ ስግብግብ!

ከጠፉት ውስጥ እኔ የወደድኩት ቫሌኒክተስ የሚባለውን ነው። ከሁለቱ ክራንቻዎች በቀር ለምልክት እንኳ ጥርስ የለውም። ታዲያ በምን ይበላል? እንደ ዛሬው ዋልረስ እየመጠጠ ነበር ይባላል። የዛሬው ከንፈሩን በሚበላው ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረት ላይ ገጥሞ ምላሱን ወደ ኋላ ሲስበው ሥጋው ተመጥጦ ይወጣል። ማኘክ የለ፣ መስበር የለ። ክራንቻው የባሕር ወለል መቆፈሪያ ነው የሚሉት ነገርም ልክ አይደለም፤ ለጠብ፣ ለጉራና በረዶ ላይ ለመውጣት ነው።

በሩሲያ ሰሜን ያለውን የላፕቴቭ ባሕሩን ዋልረስ ግን አታንሳብኝ። ከአትላንቲኩና ከፓስፊኩ ሌላ ራሱን የቻለ ሦስተኛ ንዑስ ዝርያ ነው ብዬ ስምልልህ አልነበር? በ2009 የወጣ የዘረመል ጥናት ከፓስፊኩ ጋር ደምሮታል። እሱ ላይ ረትተኸኛል።

በል ጻፍልኝ፤ ብትሳደብም ጻፍልኝ።

ወዳጅህ