ጥምቀትን የማያውቅ ፎርሙላ፦ የአይሲቲ ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ

የአይሲቲ ክበብ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ልጆች ተሰብስበው ጌም የሚጫወቱበት ነው። ይህን አስተያየት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ዘንድሮ የሠራነውን በግልጽ ልጻፈው። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ አዲሶቹን መደርደሪያዎች ያያችሁ ሁሉ የክበቡን ሥራ አይታችኋል።

መስከረምና ጥቅምት በምዝገባ፣ በኮሚቴ ምርጫና በተለመደው ስብሰባ አለፉ። ዋናው ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ እድሳት መቼ እንደሚያልቅ ፕላን አውጡ ተባልን። መጻሕፍቱን መዝግቦ ለመጨረስ 10 የሥራ ቀን ያስፈልጋል ብለን ገመትን፤ መጀመሪያው ሰኞ ታኅሣሥ 27። ኤክሴል በሚባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ፣ በቀኑ ላይ ዝም ብላችሁ 10 ብትደምሩ ቅዳሜና እሁድንም ይቆጥራል። ለዚህ “ወርክዴይ” የሚባል ፎርሙላ አለ፤ መነሻውን ቀንና የቀኑን ብዛት ስትሰጡት ቅዳሜና እሁድን እየዘለለ ማለቂያውን ይነግራችኋል። ጃንዋሪ 19 ብሎ መለሰልን። ልጆቹ ማጨብጨብ ሲጀምሩ፣ እስከዚያ ድረስ በክበቡ ውስጥ ስትናገር ሰምቼ የማላውቃት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ “ቲቸር፣ እሱ እኮ ጥምቀት ነው” አለች።

እውነቷን ነው። ፎርሙላው በዓሎቻችንን አያውቅም፤ እኛ ካልነገርነው ጥር 11 ለእሱ ተራ ሰኞ ነው። በዓላቱን ለብቻ ሺት ላይ ዘርዝረን ጨመርንለት። ረቡዕ የዋለው ገናና ሰኞ የዋለው ጥምቀት ሲወጡ ማለቂያው ጥር 13 ሆነ። የኢድ በዓላት በጨረቃ ስለሚወሰኑ ቦታቸውን ይዘን ተውነው። ቀኑ ሲታወቅ አንዷን ሴል (የሠንጠረዡን አንድ ሣጥን) መቀየር ነው፣ የቀረው ፕላን ራሱን ያስተካክላል። ታኅሣሥ 27 ብለን በእኛ አቆጣጠር ብንጽፍለት ደግሞ እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቀን ስለማያየው ሁለት ዓምድ አደረግን፤ አንዱ ለፎርሙላው በፈረንጅ፣ ሌላው ለሰው በኢትዮጵያ።

አንድ ቀን ሙሉ ክርክርም ነበር። ከታኅሣሥ 27 እስከ ጥር 13 ስንት የሥራ ቀን አለ ብለን “ኔትወርክዴይስ” የሚባለውን ፎርሙላ ብንጠይቀው 11 አለ። ከየት መጣ? ወርክዴይ መነሻውን ቀን አይቆጥርም፣ ኔትወርክዴይስ ግን ይቆጥራል። ይህን ልጆቹ ራሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ደረሱበት። እኔ አልነገርኳቸውም።

ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን መደርደሪያውን ልናዝዝ እንጨት ቤት የሄድን ዕለት ነው። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ቀጠሮ የሚይዙት በደብተር ነው። ልጆቹ ፕላናቸውን በላፕቶፕ ሲያሳዩአቸው “እኔ ቅዳሜ እሠራለሁ፣ ሚካኤልን ግን አልሠራም” አሉ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያቺው ተማሪ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችና “ጋሼ፣ ሌላስ የማይሠሩበት ቀን አለ?” እያለች እየጠየቀች ታስገባ ጀመር። ዕረፍቱን መምረጥ የሚያስችል “ወርክዴይ ኢንተርናሽናል” የምንለው ፎርሙላ አለ፤ 11 ቁጥርን ስትሰጡት እሁድን ብቻ ይዘላል። (7 ብትሉት ዓርብና ቅዳሜን ነው፤ እህቱ ሳዑዲ የምትሠራ ልጅ ይህን ሲያይ ወዲያው የእሷን ሳምንት ሞከረበት።) ጥር 12 ሚካኤልም ወደ በዓላቱ ገባ። ከዚያው ታኅሣሥ 27 ተነስተን ለ12 የሥራ ቀን ጥር 14 ሐሙስ ወጣ። ሰውየው በደብተራቸው በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሩና “ልክ ነው፤ እንግዲህ በዚህ ቀን ቃል ልግባላችሁ፣ ደንበኛን ነገ፣ ከነገ ወዲያ ማለት እኔንም ሰልችቶኛል” አሏት። የልጅቷን ፊት ብታዩት! ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ስታወራ የነበረችው እሷ ናት። መደርደሪያውም በተባለው ሐሙስ ደረሰ።

የመጻሕፍቱ ምዝገባ ግን ከጥር 13 አልፏል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሮቹ አብረው ይጠፋሉ፣ ያልተቀመጠው ሥራም ይሄዳል። አንድ ኮምፒውተር ላይ አራት ልጅ ተደራርቦ ሲቀመጥ ፎርሙላ የሚጽፈው አንዱ ነው፣ ሦስቱ ያያሉ። ለሶፍትዌር ብር አልጠየቅንም፤ ሊብሬኦፊስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነናል፣ እነዚሁ ፎርሙላዎች እዚያም ይሠራሉ። ለስፖርት ክበብ ማልያ ሲገዛ ደስ ብሎኛል፣ ይገባቸዋል። ለእኛም ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ፣ ይገባናል።

ለ2019 የትምህርት ቤቱን የፈተናና የስብሰባ ካላንደር ሠርተን መስከረም ሳይገባ ለማስረከብ አስበናል። የበዓላቱ ዝርዝር ከአሁኑ ተጀምሯል። ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ በተለይ ውጭ ያላችሁ፦ ያገለገለ ግን የሚሠራ ላፕቶፕ ካላችሁ በወላጅ መምህራን ኅብረት በኩል ላኩልን። ባትሪው ደህና የሆነ ቢሆን ይመረጣል፤ መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ሥራቸውን እንዲጨርሱ።