የእስረኛ ደብዳቤ ያላችሁ አትጣሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ቅዳሜ ስለ አየርላንድ የነጻነት ታጋዮች የእስር ቤት ደብዳቤ ያወጣችሁትን ፒያሳ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ፣ ስለ ጀግንነቱ ብዙ ጻፋችሁና ደብዳቤውን ቤት ተቀምጦ ስለሚጠብቀው ሰው ምንም አላላችሁም።

ፓትሪክ ፒርስን ብቻ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1916 በፋሲካ ሰሞን ደብሊን ላይ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሳውን አመፅ ከመሩት አንዱ ነው። እጁን ከሰጠ በኋላ ሜይ 1 ቀን ለእናቱ ደብዳቤ ጻፈ፣ ጨርሶ ሲያበቃ ከግርጌው ከጀርመን ይመጣል ስለተባለው እርዳታ አንድ ነገር ጣል አደረገ፣ በቃ ደብዳቤው እናቱ እጅ ሳይገባ ወታደራዊው ፍርድ ቤት ማስረጃ አድርጎ አቀረበበት። ሜይ 3 ንጋት ላይ ኪልሜንሃም እስር ቤት ተረሸነ፣ ወንድሙ ዊሊ ደግሞ በማግስቱ። እኔን የያዘኝ የመጨረሻው ደብዳቤው ነው፤ ስለ ገንዘብ ጉዳይ ሁለት ወረቀት፣ ስለ መጽሐፎቹ ደግሞ አንድ ወረቀት ጽፌያለሁና ተቀበዪ ይላታል። ሊረሸን ሰዓታት የቀሩት ሰው እኮ ነው!

ይሄን ሳነብ አባቴ መጣብኝ። በ1970 ታስሮ እናቴ ስንቅ ስታመላልስ የሚታጠብ ልብሱን በፌስታል ይመልሱላት ነበር፣ እሷም ቤት ገብታ በሩን ዘግታ የሸሚዙን ኮሌታ በምላጭ ትተረትራለች፣ ውስጡ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጣጥፎ አለ፣ በእርሳስ የተጻፈ። አንብባ ምድጃ ውስጥ ትከታለች፣ ኮሌታውን መልሳ ትሰፋለች። አንዷን ብቻ ማቃጠል አቃታት። «የቤት ኪራዩ ደረሰኝ ከኮመዲኖው ጀርባ ነው። በርበሬ ቀንሺ ጨጓራዬ ተነስቷል። ለልጁ ጫማ ግዢለት።» በቃ ይሄው ነው። ልጁ እኔ ነኝ።

ደግሞ ተራ ነገር የሚመስለው ሁሉ ተራ አይደለም። ሌላው የአየርላንድ ታጋይ ደ ቫሌራ እንግሊዝ አገር ሊንከን እስር ቤት እያለ የእስር ቤቱን ቄስ ቁልፍ በሻማ ሰም ላይ አትሞ ልኩን ያዘ፣ ከዛ አብሮት የታሰረው ሰው የገና ፖስትካርድ ላይ ትልቅ ቁልፍ የያዘ ሰካራም ሳለና ቁልፏን በልኳ አስገባት፣ ካርዱም ፍተሻውን አልፎ ወጣ። ከውጭ ደግሞ ቁልፍ ኬክ ውስጥ እየተጋገረ ይላክላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1919 አመለጡ። ስንቅ ተሸክሞ ተራ የጠበቀ ሰው ይሄ ታሪክ ይገባዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የኛ ሰፈር ሲፈርስ ጎረቤቶቼ ዕቃ ሲጭኑ አይቻለሁ፣ አሮጌ ሻንጣ ከነወረቀቱ ቆሻሻ ላይ ሲጣል በአይኔ አየሁ፣ ውስጡ ምን እንደነበር ማንም አልከፈተውም፣ እኔም አልከፈትኩትም፣ እስካሁን ይቆጨኛል። አየርላንዶች እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ከትግሉ ሰዎች 1,773 ምስክርነት ሰበሰቡ፣ ለሕዝብ የተከፈተው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፣ በሕይወት ያለ ሰው እንዳይነካ ተብሎ ታሽጎ ቆየ። እኛም ጋ ብዙ ሰው ወረቀቱን የማያወጣው ስለሚፈራ ነው፣ ስለዚህ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብት) የቤተሰብ ደብዳቤ አሽጎ መቀበል ይችል እንደሆነ እናንተ ጠይቃችሁ ብትጽፉልን። ለሚደፍር ደግሞ በሳምንት ግማሽ ገጽ ስጡት፣ ስም ሳይጠራ። እስከዛው እባካችሁ ቤታችሁ ያለውን በስልክም ቢሆን ፎቶ አንሱት፣ እርሳስ ይጠፋል፣ የአባቴ ወረቀት ላይ «ጫማ» የሚለው አሁን በመከራ ነው የሚነበበው።

የኔን የመጀመሪያ አድርጋችሁ ብታወጡት እናቴ ፈቅዳለች። እጥፋቱ እንዲታይ ግን ሳይስተካከል ይውጣ ብላለች።

አንባቢያችሁ፣ ከአራዳ