ሊፍቱ ይቆየን፣ መጀመሪያ ስለ ጎማው

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሰሞን የመኪና ገፃችሁ ላይ ክረምት ሳይገባ ፎርዊላችሁን ከፍ አስደርጉ (ሊፍት የሚሉት እሱን ነው) ትልቅ ጎማም ግጠሙ የሚል ምክር አንብቤ ነው የምፅፈው። ምክሩ ውሸት ነው አልልም፣ ጎዶሎ ነው እንጂ፣ ጎዶሎ ምክር ደግሞ የሰው ኪስ ያራግፋል። እኔ የሃዋሳ ሹፌር ነኝ፣ እንግዳም የመስክ ሰራተኛም ይዤ ወደ ባሌ፣ ወደ ቤንሳ፣ ወደ ኦሞ ስመላለስ ስንት ክረምት እንዳለፈ ቆጥሬውም አላውቅ፣ መኪናዬ አሮጌዋ ሰባ አምስት ላንድክሩዘር ናት፣ ፊትም ኋላም ባሌስትራ (ተደራራቢው የብረት ስፕሪንግ)፣ 4.2 ሊትር ናፍታ፣ ቱርቦ የሚባል ነገር የሌላት። መካኒክ አይደለሁም፣ ግን ጭቃ ውስጥ የተኛ ሰው ከስር ምን እንዳለ ያውቃል።

ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወጣ ብላችሁ እዩ፣ የተነሳ መኪና ተደርድሯል፣ ጎማው ከፓራፋንጎ ወጥቶ፣ መኪናው ላይ ለመውጣት መሰላል ያስፈልጋል ምናምን። ለማማር ከሆነ የራሳቸው ጉዳይ፣ እኔም በወጣትነቴ ስንት ነገር ለጥፌያለሁ። የሚያናድደኝ "ለመንገድ ብዬ ነው" ሲሉ ነው።

የእህቴ ልጅ አንዱ ነው። ዳብል ጋቢና ሃይሉክስ አለችው፣ ባለፈው ዓመት 4 ኢንች ሊፍት አስገጠመላት፣ ጎማዋን ግን ብር ስላለቀበት ፋብሪካ የገጠመውን እንዳለ ተወው። አንድ እሁድ ቤት መጣና "ጋሼ አሁን ዲፈረንሻሉ ድንጋይ አይነካም" አለኝ። ሜትር አምጣ አልኩት። ግቢ ውስጥ ካርቶን አንጥፈን ሁለታችንም ከኋላ ስር ገባን፣ ከመሬት እስከ ዲፈረንሻሉ (አክስሉ መሃል ላይ ያበጠው ብረት) ሆድ ለካ፣ 21 ሳንቲም። ከዛ ጎረቤታችን ጋ ያልተነሳች፣ ያው ሞዴል፣ ያው ጎማ ያላት መኪና አለች፣ አስፈቅደን እሷም ስር ገባን፣ 21 ሳንቲም። ልጁ ሜትሩን አገላብጦ አየው፣ ሜትሩ የተበላሸ መስሎት ነው መሰለኝ፣ ደግሞ ለካ፣ ያው ነው።

ምክራችሁ ውስጥ የጎደለው ይሄ ነው። ሊፍት የሚያነሳው ሻሲውንና ቦዲውን ነው፣ አክስሉ ጎማው ላይ ነው የተቀመጠው፣ አክስሉን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው። ጎማ በ6 ሳንቲም ቢረዝም አክስሉ በ3 ሳንቲም ይነሳል፣ ግማሹ ወደላይ ስለሚሄድ። የፊት እግሯ ለብቻ ለብቻ በሚንቀሳቀስ መኪና ፊት ለፊት ያለው ዲፈረንሻል ከሻሲው ጋር ስለታሰረ አብሮ ይነሳል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ድንጋይ የሚቀጠቅጠው ብዙ ጊዜ የኋለኛውን ነው። ሊፍት ምንም አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፣ ባምፐሩ ዳገት ሲጀምር መሬት አይስምም፣ ሆዷ ጉብታ ላይ አትቀመጥም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለረዘመ ጎማ ቦታ ይሰጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ የምትሄድበትን መንገድ ማወቅ፣ ከዛ ጎማ መምረጥ፣ ከዛ ያ ጎማ መሪ ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎ እንዳይበላ የሚበቃውን ያህል ብቻ ማንሳት ነው። ሃዋሳ ላይ የማየው ግልባጩን ነው።

ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ደግሞ ከባድ አይደለም፣ ግን የሚያስረዳ የለም። 265/70R16 ማለት ወርዱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የወርዱ 70 ፐርሰንት፣ ቸርኬው 16 ኢንች። ስታሰላው ጠቅላላ ቁመቱ 777 ሚሊ ገደማ ይመጣል። ሁሉም የሚመኘው 285/75R16 ደግሞ 834 ገደማ ነው። ልዩነቱ 57 ሚሊ፣ ዲፈረንሻሉ የሚያተርፈው 28 ሚሊ፣ ሁለት ጣት እንኳን አትሞላም። ለዚህች ሁለት ጣት የምትከፍለው ምንድን ነው፣ ቆጣሪው 80 ሲል መኪናው 86 ይሄዳል፣ ማርሹ ሁሉ በ7 ፐርሰንት እንደረዘመ ቁጠረው፣ ፍሬኑ ይከብደዋል፣ ነዳጅ ይጨምራል። እንደኔ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ጉልበቱን በ10 ፐርሰንት ገደማ ያጣል፣ ሃዋሳ 1700 ሜትር አካባቢ ናት፣ ባሌ ተራራ ሳነቴ ላይ ከ4000 ታልፋለህ፣ እዛ ዳገት ላይ ትልቅ ጎማ ይዘህ ሁለተኛ ማርሽ ስትለምን ያኔ ይገባሃል።

እኔ የምጠቀመው ድሮ 7.50R16 ነበር፣ አሁን 235/85R16 ነው፣ ቁመታቸው ያው 806 ሚሊ አካባቢ ነው፣ ቀጭንና ረጅም። ሰው ይስቅብኛል፣ "የብስክሌት ጎማ" ይሉታል። ግን ወደ አለታ ወንዶና ቤንሳ ገጠር ውስጥ ስትገባ ቀይ አፈር ነው፣ ላዩ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል ስሩ ግን ጠንካራ ነው፣ ቀጭን ጎማ ላዩን ቆርጦ ጠንካራው ላይ ይቆማል፣ ሰፊው ከላይ ይንሳፈፍና በጎኑ ወደ ቦይ ይሄዳል። አሸዋ ላይ ተገላቢጦሽ ነው፣ ቱርሚ አካባቢ ደረቅ ወንዝ ስታቋርጥ ሰፊ ጎማ ይመረጣል፣ እሱን ግን ቀጭኑንም ነፋስ ቀንሰህ ታሰፋዋለህ። ዋልካን አትጠይቁኝ። ዋልካ ላይ ቀጭንም ሰፊም ጥርሳምም አይሰራም፣ ጎማው ጥቁር ዳቦ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ እዛ የሚያወጣህ ፀሐይ ነው፣ ሻይ አፍልተህ መጠበቅ ነው።

የጥርስ ነገር ላይ አንድ ቃል። ኤምቲ የሚባለው ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ጭቃ ውስጥ አሪፍ ነው፣ ግን አንተ ከመቶ ኪሎ ሜትር ሰማንያውን አስፋልት ላይ ነው የምትነዳው፣ ከሻሸመኔ ዶዶላ ሮቤ ድረስ አስፋልት ነው። አስፋልት ላይ ኤምቲ ይጮሃል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ የነካው አስፋልት ላይ ደግሞ ፍሬን ስትይዝ አይቆምልህም፣ ጥቁር ውሃ ጋ ከፊቴ ባጃጅ ቆሞ እኔ እየተንሸራተትኩ የሄድኩባትን ቀን እስካሁን አልረሳትም። ለአብዛኛው ሰው ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆነው ኤቲ ይበቃዋል፣ ከተማ ብቻ ለሚነዳ እንዲያውም የአስፋልቱ ኤችቲ።

ከጥርሱ ይልቅ ሰው የማያየው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የጭነት ቁጥር ነው፣ ከሳይዙ ቀጥሎ 112 ከተፃፈ አንዱ ጎማ የሚሸከመው 1120 ኪሎ ነው፣ 121 ከሆነ 1450። ጣራዋ ላይ ጄሪካን ጭነህ ከውስጥ ሰባት ሰው ይዘህ የከተማ ጎማ መግጠም ራስን መቅጣት ነው። ሁለተኛው እድሜው ነው። ዲኦቲ ከሚለው ፊደል ተከትሎ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ፣ 3416 ካለ በፈረንጅ 2016 በ34ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው፣ በኛ አቆጣጠር እንዳትሰሉት። እኔ አንድ ጊዜ አንድ ሱቅ (ስሙን ተዉት) ጥቁር ቀለም የተቀባ የሚያብረቀርቅ "አዲስ" ሁለት ጎማ ገዛሁ፣ ቁጥሩን አላየሁም፣ ከጎባ ወደ ሳነቴ በሚወጣው ኮረኮንች ላይ ጎኑ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጠቀና ፈነዳ፣ ስኮርታውን ገጥሜ ሳየው ጎማው መጋዘን ውስጥ ስምንት ዓመት ተኝቷል። ብርዱን አትጠይቁኝ፣ እንግዶቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ቀይ ቀበሮ ካላየን ብለው ሲጨቃጨቁ እኔ ክሪክ ስር ነኝ። ስኮርታ ካልኩ አይቀር፣ ጎማ ሲቀየር አምስት ነው የሚገዛው፣ አራት ገዝተህ ስኮርታው ትንሹ ከቀረ ያለህ ጎማ ሳይሆን ጌጥ ነው፣ ሁልጊዜ አራቱም እግር የሚጎትትባቸው እንደ ፕራዶ ያሉት ላይ ደግሞ አንዱ ጎማ በቁመት ከተለየ ዲፈረንሻሉ ነው የሚሰቃየው።

አሁን ወደ ሊፍቱ። እዚህ ላይ እኔም ሞኝ ነበርኩ፣ ልናገር። ባሌስትራዬ ሲተኛ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ "ከፍ እናደርጋታለን" አሉኝ፣ ከኋላ አንድ ወፍራም ባሌስትራ ጨመሩ፣ ከፊት ደግሞ ባሌስትራው የሚንጠለጠልበትን ሻክል አስረዘሙት። ቁመቷ አማረ። ግን ባዶዋን ስትሄድ እንደ አህያ ትፈናጠራለች፣ ጉድጓድ ላይ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል፣ ምክንያቱም የደነደነ ባሌስትራ አይታጠፍም፣ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ አይጎትትም። መሪውማ ጉድ ነበር። የፊት አክስሉ እንደ ብስክሌት ሹካ ትንሽ ዘንበል ማለት አለበት፣ ካስተር ይሉታል፣ መሪው ራሱን እንዲመልስ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ሻክሉ ሲረዝም ያ ዘንበል ማለት ጠፋ፣ ከሻሸመኔ ስመለስ መኪናዋ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ ስትሄድ እኔ እንደ ጀልባ ቀዛፊ መሪ ሳዞር ነበር። የፍሬን ቱቦውም እግሩ ሲንጠለጠል እንደ ጊታር ክር ተወጥሮ ነው ያገኘሁት። በሳምንቱ ሁሉንም አስወለቅኩት።

በኋላ ከአዲስ አበባ ሙሉ ኪት አስመጣሁ፣ 2 ኢንች፣ ባሌስትራውም አሞርዛተሩም አንድ ላይ ተሰልቶ የተሰራ። ሻጩ የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት ኢንች?" አልነበረም፣ "መኪናው ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጥ ስንት ኪሎ አለ?" ነው ያለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ፣ ሞላና ባሌስትራ የሚመረጠው በክብደት ነው። ባዶ ለሚነዳ ሰው የ300 ኪሎ ባሌስትራ ከገጠምክለት ኩላሊቱን ነው የምታወጣው፣ ሁልጊዜ ለሚጭን ደግሞ ቀላሉን ከገጠምክለት በሦስት ወር ይተኛል። ከመግጠሙ በፊት ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎ ጫፍ በአራቱም ማዕዘን ለክታችሁ ፃፉት፣ ከተገጠመ በኋላ ድገሙት፣ ከወር በኋላም ድገሙት። ያለዚያ "2 ኢንች ነው" ሲሏችሁ በእምነት ነው የምትቀበሉት።

የፊት እግራቸው ለብቻ ለብቻ የሚሰራ፣ ሃይሉክስ ፕራዶ ፓጄሮ ምናምን ያላችሁ፣ ከ2 ኢንች፣ ማለትም ከ5 ሳንቲም ብዙ አትለፉ። አክስሉ ወደታች ሲያዘነብል የሲቪ ጆይንቱ (ጉልበት ወደ ፊት ጎማ የሚያሻግረው መገጣጠሚያ) ላስቲክ ይታሻል፣ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይወጣል፣ አቧራ ይገባል፣ ከዛ መሪ በጠመዘዝክ ቁጥር ቀ ቀ ቀ። የእህቴ ልጅ መኪና በአምስተኛ ወሯ እዚህ ደርሳለች። ሞላ ላይ የብረት ቀለበት ጣል አድርጎ ማንሳት የሚባለውም ርካሽ ነው ግን አሞርዛተሩ የድሮው ስለሆነ ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ተዘርግቶ ይኖራል። ከተነሳ በኋላ ደግሞ አላይመንት ማሰራትና የፊት መብራት ዝቅ ማድረግ ማንም አያስታውስም፣ ማታ በሻሸመኔ መንገድ ከፊት የሚመጣው የተነሳ መኪና መብራት አይናችንን እያወጣው ነው፣ እባካችሁ ይህንን ለብቻው እንኳን ፃፉልን።

ከሊፍት የተረፈ ብር ያለው ሰው ትንሽ የአየር ኮምፕረሰርና ጥሩ ጌጅ ይግዛ። እኔ የጎማውን ነፋስ አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ ነው የምይዘው፣ ኮረኮንች ስገባ 28፣ አሸዋ ላይ 18 አወርዳለሁ፣ ከአሸዋው ስወጣ ሳልሞላ አልፈጥንም፣ ምክንያቱም በለሰለሰ ጎማ መፍጠን ጎኑን ያግለዋል፣ ከቸርኬውም ያወልቀዋል። ይህች ብቻዋን ከ4 ኢንች ሊፍት በላይ ከጭቃ ታወጣለች፣ ዋጋዋም ከአንድ ጎማ አትበልጥም። ጎሚስታዎቻችን ደግሞ ለሁሉም መኪና በጭፍን 40 ይሞላሉና ራሳችሁ ለኩ።

ልጁ ባለፈው ወር ሊፍቱን ወደ 2 ኢንች አስወረደው፣ 265/75R16 ኤቲ አምስት ገዛ፣ ከነስኮርታው ማለት ነው። ቅዳሜ ሜትሩን ራሱ ይዞ መጣና ከስር ገባ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ "ስንት?" አልኩት፣ "22 ከምናምን!" ብሎ ከስር ጮኸ፣ ልክ ዓሣ እንደያዘ ሰው። ሳሰላው 13 ሚሊ ብቻ ነው የጨመረው፣ አልነገርኩትም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሃዋሳ ሹፌር