ከአቦል እስከ በረካ፦ የአይሲቲ ክበባችን ዓመት

ዘንድሮ የአይሲቲ ክበባችን ለወላጆች ቀን የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። የሳይንስ ክበቡ እሳተ ገሞራ ሠርቶ አጨሰ። ሚኒ ሚዲያዎቹ ድራማ አቀረቡ። የኛዎቹ ተራቸው ሲደርስ "ፈርምዌር ቀየርን" አሉ። አንዲት እናት "ይታያል?" ብለው ጠየቁ። አይታይም።

ፈርምዌር ኢንተርኔት የሚያስገባው ራውተር፣ ኬብሎቹን የሚያገናኘው ስዊችና ኮርኒስ ላይ ተሰቅሎ ዋይፋይ የሚረጨው አክሰስ ፖይንት ውስጥ ተቀምጦ ዕቃውን የሚያሠራው ሶፍትዌር ነው። ስልካችሁ "አፕዴት አድርገኝ" እያለ ይነዘንዛችኋል፤ እነዚህ ግን ዝም ብለው ያረጃሉ። ጥቅምት ላይ ልጆቹ መሰላል ተሸክመው ግቢውን ዞሩና 11 አክሰስ ፖይንት፣ 3 ስዊችና 1 ራውተር መዘገቡ። ስድስቱን አክሰስ ፖይንቶች ከተሰቀሉ ጀምሮ የነካቸው የለም።

"ይሠሩ የለ እንዴ ቲቸር?" ያለኝ ልጅ ነበር። ይሠራሉ። ግን በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ማቲ ቫንሆፍ የተባለ የቤልጂየም ተመራማሪ ዓለም የሚጠቀምበት የዋይፋይ ቁልፍ ክፍተት እንዳለው ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቪፒኤንፊልተር የሚባል ቫይረስ ቢያንስ 500 ሺህ ራውተሮችንና መሰል ዕቃዎችን መያዙ ታወቀ። ኤፍቢአይ ሳይቀር ሰዉን "ራውተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩ" አለ። ማጥፋቱ ቫይረሱን ያዳክመዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም፤ ዋናው መድኃኒት ዕቃውን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ መመለስና ፈርምዌሩን ማደስ ነው። የኛ ስድስቱ ፈርምዌራቸው ከዚያ በፊት የወጣ ነበር። ልጁ ሌላ አልጠየቀኝም።

ፋይል ማውረዱ ቀላል መስሏቸው ነበር። አምራቹ ከፋይሉ ጎን 64 ፊደልና ቁጥር የተደረደረበት ኮድ ያስቀምጣል። የወረደው ፋይል ኮድ ከዚያ ጋር ካልገጠመ አይጫንም። ኮምፒውተሩ ራሱ ማወዳደር ይችላል፤ እኔ ግን አንዴ በአፋቸው ይበሉት ብዬ ደረቅኩ። አንዷ እንደ ቃል ጽሕፈት ታነባለች፤ ሌላው ስክሪኑ ላይ በጣቱ ይከተላል። አንድ ቀን ገና ከመጀመሪያው ፊደል አልገጠመም። ለካ ትናንት ዝናቡ ሲጥል መብራት ሄዶ ማውረዱ መሃል ላይ ተቋርጧል። ፋይሉ በትንሹ እንኳ ቢጎድል ኮዱ እንዳለ ይለወጣል። ያንን ፋይል ጭነነው ቢሆን ዕቃው ላይነሳ ይችል ነበር።

ጉድ የሠራን ግን ፋይሉ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ስዊች ላይ አዲስ ፈርምዌር ብትጭኑም ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ በአሮጌው ነው የሚሄደው። ጠፍቶ ሲነሳ ደግሞ ለደቂቃዎች ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ሌሊት ራሱ እንዲነሳ ሰዓት ይሞላለታል። የሲስኮ ስዊቻችን ላይ ትዕዛዙ አንድ መስመር ነው፤ "ሪሎድ አት" ብሎ ሰዓቱን መጻፍ። ሌሊት 8 ሰዓት ተባባልን። ልጁ 08:00 ብሎ ጻፈ። አየሁት፤ "ጎበዝ" አልኩ።

ስዊቹ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። የሱ 08:00 የኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። በማግስቱ ልክ በ2 ሰዓት 12ኛ ክፍሎች ላብ ገብተው የልምምድ ፈተና ሲጀምሩ ሁሉም ስክሪን ቀጥ አለ። አምስት ደቂቃ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም። ልጁ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጎበዝ ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የሁሉንም ሰዓት ፈተሽን። ሁለተኛው ስዊች በግሪንዊች ሰዓት ይሄዳል፤ ከኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ። ሦስተኛው ይባስ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳና በፈረንጆቹ መጋቢት 1 ቀን 1993 ላይ ይነሳል። ልጆቹ አንዳቸውም አልተወለዱም ነበር። ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስዱ አደረግናቸው። ልጆቹ ደግሞ በአንድ በኩል የኛን ሰዓት፣ በሌላው የማሽኑን የያዘ ሰንጠረዥ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር አሳትመው ላቡ ግድግዳ ላይ ለጠፉ።

ቀጥሎ ተራ ማውጣት መጣ። አክሰስ ፖይንቶቹ መብራት የሚያገኙት ከስዊቹ በኔትወርክ ኬብሉ በኩል ነው። አንዱ ፈርምዌር እየጻፈ ስዊቹ ቢጠፋበት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከዳር ወደ መሃል እንሂድ ተባለ። የጅማ ልጆች አይደሉ፣ ዙሮቹን አቦል፣ ቶና፣ በረካ አሏቸው። አቦል ቅዳሜ ሁለት አክሰስ ፖይንት ለሙከራ፣ ቶና በሳምንቱ ቅዳሜ የቀሩት ዘጠኙ፣ በረካ ስዊቾቹና ራውተሩ በሌሊት። ስዊቾቹ በ15 ደቂቃ ልዩነት፣ ራውተሩ መጨረሻ። አቦልና ቶና ያለ ችግር አለፉ።

የበረካ ለት ለጥበቃው "ጋሼ፣ ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ያለችው ትንሿ አረንጓዴ መብራት ጠፍታ ትበራለች፤ እንዳይደነግጡ" አልኳቸው። እቤቴ ሆኜ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ስደርስ የእንግዳ መመዝገቢያውን ከፍተው አሳዩኝ። ስም በሚለው ቦታ "መብራቷ"፣ የመጣበት ጉዳይ በሚለው "የቲቸር ሥራ" ይላል። የወጣችበት 8:00፣ የተመለሰችበት 8:05። ልጆቹ ገጹን ፎቶ አንስተው ከመዝገባችን ጋር አያያዙት።

ሲቆጠር 14ቱ ተነስተዋል። የቤተ መጻሕፍቱ አክሰስ ፖይንት ግን ድርግም ብሏል። እሱ ብቻ ነው በራሱ አዳፕተር የሚሠራው። "ገደልነው!" እያሉ በሩጫ ወጡ። አዳፕተሩ ተነቅሎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሶኬቱ ላይ የአንድ መምህር ስልክ ቻርጅ እየተደረገ ነበር።