ሲሊንደር ማሳረፍ የእግርም የዘይትም ጉዳይ ነው

ለተከበራችሁ የመኪና ገጽ አዘጋጆች፣

ስለ አዳዲስ ፒክአፖች ስትጽፉ «ሲሊንደር የሚያሳርፍ ቴክኖሎጂ ስላለው ነዳጅ ይቆጥባል» የምትል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ታጋጥመኛለች፤ ሲሊንደር ማለት ቤንዚን የሚቃጠልበት የሞተር ክፍል ነው፣ ማሳረፍ ደግሞ ብዙ ጉልበት በማያስፈልግበት ጊዜ ከሲሊንደሮቹ ጥቂቱን ሥራ ማስቆም። ወሬውም እዚያው ላይ ያበቃል። እኔ ዕቃ በማመላለስ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ባለ 5.3 ሊትር ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ፒክአፕ ለዓመታት ነድቻለሁ። ከዚያች ዓረፍተ ነገር በኋላ መጻፍ ያለበት ብዙ ነገር አለ።

ትልቅ ሞተር በሜዳ መንገድ ረጋ ብሎ ሲሄድ ከጉልበቱ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ የአየር ማስገቢያው በር ሊዘጋ ምንም አይቀረውም። ፒስተኖቹ በዚያች ጠባብ ክፍተት አየር ለመሳብ ይታገላሉ፤ በጣት በተጨመቀ ቱቦ እንደ መተንፈስ ነው። ለዚህ ትግል የሚቃጠለው ቤንዚን ጎማ አያዞርም። አራት ሲሊንደሮች ሲያርፉ ግን የቀሩት አራቱ የበለጠ መሥራት ስላለባቸው በሩ ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ቁጠባው የሚመጣው ከዚህ ነው። ያረፉት ሲሊንደሮች ቫልቮቻቸው ዝግ ሆነው ይቆያሉ። ፒስተኖቻቸው መውጣት መውረዳቸውን አይተዉም፤ ውስጥ የታፈነው አየር እንደ ሞላ ተጨምቆ መልሶ ይገፋቸዋል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1981 ስምንት፣ ስድስትና አራት ሲሊንደር እያፈራረቀ የሚሠራ ሞተር አውጥቶ ነበር፤ የዘመኑ ኮምፒውተር ፍጥነቱ ስላልበቃ ሳይሳካለት ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሞዴሉ የሼቭሮሌት ሲልቨራዶ ፒክአፕ አንዳንድ ቪ8 ሞተሮች ላይ ያለው አሠራር ግን 17 ዓይነት የሲሊንደር አሰላለፍ አለው፤ የትኛው እንደሚሻል በሰከንድ እስከ 80 ጊዜ ይወስናል። ይህ ሁሉ ብልሃት ሹፌሩ የነዳጅ ፔዳሉን አጥብቆ ከረገጠ ዋጋ የለውም።

የእኔ መኪና ዳሽቦርዱ ላይ በአራት ሲሊንደር ሲሄድ «ቪ4»፣ በስምንቱም ሲሄድ «ቪ8» ብሎ ያሳያል። ትንሽ ዳገት፣ ትንሽ የፊት ነፋስ፣ ትንሽ ጫን ያለ እግር ይበቃል፤ ወዲያው ቪ8 ይሆናል። እኔ የምፈልገው ፍጥነት ላይ ስደርስ እግሬን ለቀቅ አደርጋለሁ፤ ቪ4 ሲመጣ በስሱ እይዘዋለሁ። ዳገት ላይ ክሩዝ ኮንትሮሉን (ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቀውን) አጠፋዋለሁ፤ ፍጥነት ላለማጣት ሲል ማርሽ እየቀነሰ ሞተሩን ያስጮኸዋልና። ከኋላዬ መኪና ከሌለ ፍጥነቴ ትንሽ ቢወርድ ምን አለበት?

ፍጥነት ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፒክአፕ ደግሞ ፊቱ ሰፊ፣ ቁመቱ ረጅም ነው። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ፍጆታው በፍጥነት ይጨምራል። የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ቁጠባ መረጃ እንደሚለው በሀይለኛ አነዳድ፣ ማለትም ተስፈንጥሮ በመነሳትና ፍሬን በመደቆስ፣ አውራ ጎዳና ላይ ከ15 እስከ 30 በመቶ ነዳጅ ይባክናል። 45 ኪሎ ትርፍ ጭነት ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ያላስፈለገ ዕቃ ይውረድ፣ ባዶ ፖርቶመጋላ ይፈታ፣ የጎማ ነፋስ ይለካ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ ዘይቱ። ሲሊንደሮቹን የሚያሳርፈው የሞተር ዘይት ግፊት ነው። በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ ትንንሽ ቫልቮች ዘይቱን ይለቁታል፤ ዘይቱም የሞተሩን ቫልቮች የሚገፉት ክፍሎች ውስጥ ያለውን መቆለፊያ ይከፍታል። መተላለፊያው ቀጭን ነው። የቆሸሸ ወይም ውፍረቱ የማይስማማ ዘይት መቆለፊያውን በሰዓቱ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ከዚያ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይጀምራል፤ ሲብስ ሞተር መፍታት ይመጣል። የመኪናው መመሪያ 0ደብሊው20 የሚባለውን ቀጭን ዘይት ካለ እሱ ይደረግ። «ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል» የሚለውን ምክር እዚህ ላይ አጥብቄ እቃወማለሁ። መጠኑንም በየጊዜው በዘይት መለኪያው ማየት ያስፈልጋል፤ ከእነዚህ ሞተሮች አንዳንዶቹ ዘይት ይበላሉ።

አንድ መካኒክ ሲሊንደር እንዳያርፍ የሚከለክል ትንሽ መሣሪያ ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ሰክቼ እንድገላገል መክሮኝ ነበር። ሁልጊዜ ከባድ ተጎታች ለሚስብ ሰው ምክሩ ያስኬድ ይሆናል፤ ቪ4ን የሚያየው ከስንት አንዴ ነው። ባዶውን ወይም በቀላል ጭነት ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ግን ቁጠባውን በገዛ እጁ መጣል ነው። የተበላሸ ክፍል ካለም መሣሪያው አይጠግነውም።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ፒክአፕ ስትሞክሩ በስንት ፍጥነትና በምን ያህል ጭነት ቪ4 ላይ እንደሚቆይ ጻፉልን። ምን ዓይነት ዘይት እንደሚፈልግና በየስንት ኪሎ ሜትሩ እንደሚቀየርም ጨምሩበት።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ